መንታ በጎንደር፦ አንድ ላይ ይጠባሉ ወይስ በተራ? ጋሪውስ ዳገቱን ይወጣል?

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሣችው ማራኪ አካባቢ የምትኖር እናት ናት። አምስተኛ ሳምንታቸውን የያዙ መንታ ልጆች አሏት፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። ባሏ የሚሠራው መተማ በመሆኑ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የሚንከባከቧት ከደባርቅ የመጡት እናቷ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ክርስትናው እንዳለፈ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ልጆቹን አንድ ላይ ታጥባ ወይስ በተራ? ውጭ አገር ያለችው እኅቷ ልትልክላት ያሰበችው የመንታ ጋሪስ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ይሁን ወይስ ፊትና ኋላ? እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ውይይቱ በአሥር መልስ ባለቀ ነበር። እሷ ግን መንታ ማሳደግ ዕቃው ከተሟላ ያን ያህል እንደማይከብድ እምነቷን ጨመረችበት። ሠላሳ መልስ ያመጣው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

1ኛው መልስ የመጣው ከአዘዞ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ የጀመረችው ይህች እናት መንታ ወንዶች አሳድጋ ትምህርት ቤት አስገብታለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዳቸው ጡት መያዝ እስኪለምዱ በተራ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ላይ እንድታጠባ ትመክራለች። ምክንያቷ ስሌት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ሁለቱን ለየብቻ የምታጠባ ሴት እንግዲህ እስከ 24 ጊዜ ልትነሣ ነው። ስለዚህ እሷ አንዱ ሲነቃ ሌላውንም መቀስቀስ ጀመረች። የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም የሚሉትን አማቷን ማሳመን ከማጥባቱ በላይ እንዳደከማትም ሳትደብቅ ጽፋለች።

2ኛው መልስ ላይ ያ የማይቀረው ተረት መጣ፤ የመንታ እናት ተንጋላ ትሞታለች። ስለ መንታ ተወርቶ ይህ ተረት ሳይጠቀስ ሲቀር እኔ አላጋጠመኝም። የጠቀሱት ሴት በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስላሉ። ግራና ቀኝ አቅፎ በጀርባ ተኝቶ ማጥባት በእናቶቻቸውም ዘመን የታወቀ ዘዴ እንደ ነበር፣ እሳቸውም መንታ ባይወልዱም መንታ እኅቶቻቸው እንዲሁ እንዳደጉ ይናገራሉ።

3ኛዋ መላሽ በማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ውይይቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ለትልቋ ሴት አክብሮቷን ካስቀደመች በኋላ ተንጋሎ ማጥባቱን አልተቀበለችውም። እንቅልፍ ያጣች እናት ሁለት ሕፃናት ደረቷ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ከጣላት ልጅ ይታፈናል። በምትኩ ቁጭ ብሎ የሚደረገውን አያያዝ እጅ በእጅ እንደምታሳይ ሆና ገለጸችው። እናትየዋ ጀርባዋን ግድግዳ ታስደግፍና ወገቧን በትራስ ወይም ደህና አድርጎ በታጠፈ ጋቢ ትከባለች። ሕፃናቱ በሁለቱ ብብቶቿ ሥር ይገባሉ፤ ራሳቸው ወደ ፊት፣ እግራቸው ከኋላዋ። መዳፎቿ ማጅራታቸውን ይይዛሉ። እሷ አትጎነበስም፤ ወደ ጡቱ የሚቀርቡት ልጆቹ ናቸው። በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሴትም ይህ አያያዝ ቁስሉን አይጫንም። ጡቶቹን በየቀኑ ማቀያየርም አትርሺ ትላለች። ወተት የሚሠራው በወጣው ልክ ነውና፣ ጉልበተኛው ልጅ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ከያዘ የሌላው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። መጥገባቸው የሚታወቀውም በልቅሷቸው አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እያንዳንዳቸው በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ከሸኑና ሚዛን ላይ ሲወጡ ከጨመሩ በቂ ነው።

4ኛው አባት ነው። ከጣሳ ወተቱ ዋጋ ጋር ጦርነት ላይ እንዳለ ከገለጸ በኋላ፣ ለምን የላም ወተት በውኃ ቀጥኖ ስኳር ተጨምሮበት እንደማይሰጥ ጠየቀ፤ እሱ ራሱ ያደገው እንዲያ ነው። 5ኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ጠንካራ ቃልም ናት። ያንን ወተት ጠጥተው ያላደጉት እዚህ መጥተው ሊመሰክሩ እንደማይችሉ አስታወሰችው። አባትየው ተቆጣ፤ ነርሷ ገባች። 6ኛው መልሷ ላይ ዓመት ሳይሞላቸው የላም ወተት የእናት ጡት ምትክ እንደማይሆን፣ ኩላሊታቸውን እንደሚያስጨንቅና ብረት እንደሚያሳጣቸው አስረዳች። የግድ ከሆነና የዱቄት ወተት ከተገዛ፣ ውኃው ፈልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል፤ የተረፈው ይደፋል። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ዱቄቱን መቀነስ ግን የባሰ ነው። ሆዱ በውኃ ይሞላል፤ ልጁ ግን ይከሳል።

እዚያው ላይ ጡጦውንም ነካችው። ታልቦ የሚሰጥ የእናት ወተት በጡጦ ፋንታ በቡና ስኒ ሊሰጥ ይችላል። ሕፃኑ ቀና ተደርጎ ይያዛል፤ የስኒው አፍ የታችኛውን ከንፈሩን ብቻ ይነካል፤ ወተቱ ወደ አፉ አይፈስም፣ እሱ ራሱ በምላሱ ይስበዋል። ሲጠግብ አፉን ይዘጋል። ስኒ ታጥቦ ይቀቀላል፤ የጡጦ ጫፍ ግን ውስጡ የሚቀረው ነገር ብዙ ነው። ይህንን ሳነብ ስንቱ ቤት ስኒ ሞልቶት ጡጦ ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

7ኛው ከቀበሌ 18 ነው፤ ነገሩን ወደ ውኃ ወሰደው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሁለት ሕፃን የጨርቅ ሽንት ጨርቅ በጀሪካን ማጠብ ምን ማለት እንደ ሆነ ያላየ ስለ ቁጠባ አያውራ ባይ ነው። እነሱ ሌሊት ዳይፐር፣ ቀን ጨርቅ ይጠቀማሉ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ አይደፋም፤ ለሚቀጥለው እጥበት መዘፍዘፊያ ይሆናል። 8ኛዋ ስለ መብራት ጨመረች፤ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን ስለሚቆይ መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር እየከፈቱ መፈተሽ ትልቁ ጥፋት ነው። 9ኛውና 10ኛው ስለ ውኃ ቢል ስለ ተጣሉ አልፋቸዋለሁ።

ስለ ጋሪው ከተጻፈው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት 11ኛውን ነው። ጸሐፊው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ልጅ የለውም። የሚያውቀው ከመስታወቱ የሚያየውን ብቻ እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናገረ። ጋሪ የያዘች የመንታ እናት አውቶፓርክ አጠገብ ባጃጅ ስታስቆም የሚሆነውን ግን እንደ እሱ የነገረን የለም። መጀመሪያ አንዱ ልጅ ይወጣል፤ ለማን ይሰጥ? ውስጥ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት። ሁለተኛው ደግሞ ለሾፌሩ። ከዚያ ጋሪውን ለማጠፍ ትታገላለች፤ መቆለፊያው እምቢ ይላል፤ ከኋላ ጥሩምባ ይጮኻል። ታጥፎም ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ዓይነት በባጃጅ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ተሳፋሪ ጉልበት ላይ ይጋደማል። ስለዚህ ምክሩ፣ ጋሪው ከመምጣቱ በፊት እኅትየው በአንድ እጇ አጥፋ እንድትሞክረው ነው። ጎማውንም ተመልከቱ ይላል። ትንንሽና ደረቅ የፕላስቲክ ጎማ በኮብልስቶኑ መጋጠሚያ ውስጥ እየገባ ይያዛል፤ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ያልፋል። ጎንደር ውስጥ መውጣቱ ያደክማል እንጂ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። የጋሪውን እጀታ ከእጅ አንጓ ጋር የሚያስተሳስር ማሰሪያ ከሌለው ዳገት ባለበት ሰፈር መግፋት አይገባም።

12ኛዋ እናት ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው አላት፤ ስፋቱ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በግቢያቸው ትልቅ በር ላይ ያለችው ትንሿ መግቢያ ደግሞ ከዚያ ትጠብባለች፤ ደፍም አላት። ጋሪው በወጣና በገባ ቁጥር ትልቁ በር ይከፈታል፤ ዘበኛው ሰልችቶታል። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ለእንዲህ ያለው በር ይሻላል ስትል 13ኛው አረማት። ጠባብ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ለመውጣት የሁለቱን ልጆች ክብደት በእጀታው መጫን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንገታቸው ያልጸና ሕፃናት በጀርባቸው ጠፍጣፋ ላይ መተኛት አለባቸው። በብዙዎቹ ጋሪዎች ሁለተኛው መቀመጫ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፤ ስለዚህ ለአምስት ሳምንት ልጆች አይሆንም። ከእኅቷ መጠየቅ ያለባት መጀመሪያ ይህንን ነው።

14ኛዋ የጻፈችው ለማስጠንቀቅ ነው። እጀታው ላይ ከባድ ቦርሳ አንጠልጥላ ነበር፤ ከፊት ያለችውን ልጅ ስታነሣ ጋሪው ወንዱን እንደያዘ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ልጁ ታስሮ ስለ ነበረ አልተጎዳም፤ ቦርሳው ውስጥ የነበረው እንቁላል ግን አልተረፈም። 15ኛው ጋሪ በጎንደር የት የት እንደሚሄድ ዘርዝሮ በቤተ መንግሥቱ አጥር ዙሪያ፣ ወደ ጃንተከል ዋርካ ያለውን መንገድ መረጠ። ቅዳሜ ገበያን ግን በገበያው ቀን እንዳታስበው።

16ኛዋ ትልቅ እናት በዚህ ሁሉ ሳቁ። አንቀልባ እያለ ጋሪ ምን ይሠራል? አንዱን በአንቀልባ ከጀርባ፣ ሌላውን በነጠላ ከፊት አድርጋ ቀሃ ኢየሱስ ድረስ የሄደች ሴት ያውቃሉ። 17ኛዋ በትሕትና አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበችላቸው፤ ያቺ ሴት ሁለተኛውን ስታዝል የመጀመሪያውን የያዘላት ማን ነበር? መልስ አልሰጡም። እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ የያዝኩት ይህንኑ ነው። ባጃጁም፣ ትልቁ በርም፣ አንቀልባውም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ለመንታ እናት የሚጎድላት ሁልጊዜ ሦስተኛ እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ በሻንጣ አይመጣም። ጋሪ ከሚላክላት የጎረቤት ልጅን ከሰዓት በኋላ እየመጣች እንድታግዛት በደመወዝ ቢቀጥሩላት ገንዘቡ የተሻለ ሥራ በሠራ ነበር።

18ኛው መልስ ውይይቱን ከመንገዱ አስወጣው። ልጆቹ ወንድና ሴት ከሆኑ ክርስትናቸው መቼ ነው? ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን እንደሚጠመቁ ሁሉም ያውቃል፤ መንታ ሲሆኑስ? 19ኛዋ ወንዱ በ40ው ይጠመቅ፣ የክርስትና አባቱና አክስቱ ይውሰዱት አለች። 20ኛው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ጠቅሶ፣ እናትየዋ ለሴቷ 80 ቀን ሳትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ሁለቱም ይጠብቁ ሲል ተቃወመ። 21ኛው በኩፋሌ መጣ፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገብተዋልና የየራሳቸውን ቀን ማንም አያምታታባቸው። ድምፁ ከፍ እያለ፣ አንዱ የሌላውን ጾም እስከ መጠየቅ ደረሰ። ዲያቆን የሆነው 22ኛው ነገሩን አበረደው። የሚጠየቁት የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ሕፃን ከታመመና የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ቀን ሳይቆጠር ይጠመቃል። 23ኛዋ ዋናው ጥያቄ ድግሱ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለቴ የሚለው እንደ ሆነ ጽፋ አለፈች፤ እውነቷን ነው፤ ወጪውን የምታስበው አንዲት ሴት ይህች ብቻ ነበረች።

ከዚያ ቅቤው መጣ። 24ኛዋ ሕፃናቱ ሆዳቸው እንዲለሰልስ በጠዋት ለጋ ቅቤ እንዲውጡ መከረች። 25ኛው መልስ አሁን የለም፤ የመድረኩ ኃላፊ አንሥቶታል። ከቀጣዩ እንደሚገባኝ እንጥል ስለማስቆረጥ ነበር። 26ኛው የነርሷ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የነበራት ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ሲውጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ የሚከተለው የሳንባ ምች ነው። እንጥል የተቆረጠ ሕፃን ደም ይፈሰዋል፤ ቁስሉ ይመርዛል፤ በአንድ ምላጭ ሁለት ልጅ ሲቆረጥ ደግሞ የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን፣ ጤና አዳም የተነከረበትም ቢሆን አይሰጥም። ቅቤውን እናትየዋ በገንፎዋ ትብላው፤ የሚያስፈልጋት እሷን ነው። የአያቶችን እውቀት ትንቂያለሽ ያሏት ነበሩ፤ ለእነሱ መልስ አልሰጠችም።

27ኛው በግል ድርጅት የሚሠራ አባት ነው። መንታ ሲወለዱለት ያገኘው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ሕጉም ከዚህ አያልፍም። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚያገኘው ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ነው። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ሁለት ወለደች ተብሎ የሚጨመርላት ቀን የለም። ከአለቃው ጋር የነበረውን ሙግት በረጅሙ ጽፏል፤ ምሬቱ ይገባኛል፤ እዚህ መድገሙ ግን አይጠቅምም። ካነሣቸው ሁሉ የሚጠቅመው የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ያቀጠለችው የሚስቱ ዘዴ ነው።

28ኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። ሁሉንም አመስግና ሦስት ነገር ነገረችን። የነርሷን አያያዝ ሞክራ ሴቷ ወዲያው ያዘች፤ ወንዱ ገና ይታገላል። የእኅቷ ጋሪ ሁለተኛው መቀመጫ እንደማይዘረጋ ተረጋግጦ መላኩ ቆይቷል። ዕቃው ከተሟላ ያለችውን ግን አልተወችውም፤ ሞግዚት የሚቀጠረውም በገንዘብ ነው ብላ ተከራከረች። ክርክሯ ዋዛ አይደለም፤ እኔም መልስ የለኝም። ስለ ክትባቱም ጠይቃ ነበርና ነርሷ በ29ኛው መለሰችላት። ቀድመው የተወለዱ መንታዎችም ክትባታቸው የሚቆጠረው ከተወለዱበት ቀን ነው፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ 6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ 10ኛውና 14ኛው። ሁለቱን ካርዶች ለየብቻ በሁለት ዓይነት ቀለም ፕላስቲክ ውስጥ አስገቢ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዱ ሲያለቅስ የአንዱ ክትባት በሌላው ካርድ ላይ ይጻፋል። ልጆቹን ለመለየት እግራቸው ላይ ክር ማሰር ግን አይገባም፤ ጣት ጠብቆ ደም ይቋረጣል። ወንድና ሴት ለሆኑት ማስጠንቀቂያው ባያስፈልግም፣ የአዘዞዋ እናት እንዲያ አድርጋ እንደ ነበር ከታች ገልጻለች።

30ኛው መልስ የአዘዞዋ እናት ነው፤ ወደ ፊት ስለሚመጣው ምግብ። ስድስት ወር ሲሞላቸው ለሁለቱም በአንድ ሳህን ማብላት እንደሚቀል፣ ግን ማን ምን ያህል እንደ በላ ስለማይታወቅ ደካማው እየተጎዳ እንደሚሄድ ጽፋለች። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፤ ከእህሉ ጋር ሽንብራ ወይም ምስር የተመጠነበት። እንቁላል ይጨመርበታል። ማር ግን ዓመት ሳይሞላቸው አይቀመስም፤ አማቷ ያልተቀበሏት ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር።